በሁለት ትራክ ብቻ ስንቀዳ

ከጓደኞቼ ጋር በሁለት ትራክ ብቻ ለመቅዳት የተነሳነው ካን በሚባለው የጀርመን ባንድ ምክንያት ነው። የኮሎኙ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን "ሞንስተር ሙቪ"ን የቀዳው በባለ ሁለት ትራክ ቴፕ ነበር። ቦታውም የኖርቬኒሽ ግንብ ነው፤ አንድ ሥዕል ሰብሳቢ የፈቀደላቸው። ኪቦርዲስቱ ኢርሚን ሽሚትና ቤዚስቱ ሆልገር ቹካይ የጀርመናዊው አቀናባሪ የሽቶክሃውዘን ተማሪዎች ነበሩ። ድራመሩ ያኪ ሊበትሳይት ከፍሪ ጃዝ (ደንብ ከማይበዛበት ጃዝ) መጣ፤ ጊታሪስቱ ሚሻኤል ካሮሊ ቹካይ ያስተማረው ልጅ ነው፤ ድምፃዊው ማልኮም ሙኒ ደግሞ አሜሪካዊ ቀራፂ። ቀድመው የሠሩትን አልበም የሚያወጣላቸው አጥተው ነበር። "ሞንስተር ሙቪ"ም በ1969 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም 500 ቅጂ ብቻ ነበር።

ሁሉም መሣሪያ በሁለት የድምፅ መስመር ላይ ተደባልቆ ስለሚቀዳ፣ በሁለት ትራክ ከቀዳህ በኋላ "ድራሙን ቀንሰው፣ ጊታሩን ጨምረው" ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ ብዙውን ሰዓት የፈጀነው ቦታ በመቀያየር ነው። ድራመሩን ወደ ጥግ ገፋነው። አምፕሊፋየሩን ወደ ግድግዳ አዞርነው። ድምፃዊቷን ማይኩ ጋ አስጠጋናት። ትንሽ ቀድተን እንሰማለን፣ እንደገና እንገፋፋለን። ሚክሲንጉ (የድምፆቹን መጠን ማመጣጠኑ) ያለቀው መቅዳት ሳንጀምር ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ዝም ብሎ መጫወት። የካንን ሸክላ አንድ ሙሉ ገፅ የያዘው "ዩ ዱ ራይት" ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግን ለሰዓታት ከተጫወቱት ላይ ተቆርጦ የወጣ ነው። ቆራጩ ቹካይ። ሊበትሳይት ያንኑ ምት ለምን ይደጋግማል እል ነበር፤ እኛ የቀዳነውን ስቆርጥ ገባኝ። ምቱ ካልተዛነፈ የትም ብትቆርጠው ይገጥማል! የእኛን ድራመር ፊል (ምቱን አቋርጦ የሚገባ ማጣፈጫ) እንዳይመታ ስለምነው ግን "ማሽን ነኝ እንዴ?" ብሎ ተቆጣ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሙሉውን ጣልኩት። ሁሉም ችሎታውን ሲያሳይ ነበር። መደማመጥ የጀመሩት ሲደክማቸው ነው።

ግጥም አልነበረንም። ሙኒም ለ"ዩ ዱ ራይት" የተጠቀመው ከፍቅረኛው የመጣለትን ደብዳቤ ነው። የኛዋም እህቷ በቴሌግራም የላከችላትን ወቀሳ ከስልኳ እያነበበች ዘፈነችው። እህቲቱ ስትሰማው ትቆጣለች ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን ቅር ያላት፣ ዋናውን ስድብ ቆርጬ ማውጣቴ ነው።