ነጥብ የነፈግኩት ታሪክ

ዛሬ ጠዋት ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይዬን ይዤ ተቀምጬ ስለ አንድ ታሪክ ሳስብ ሻዩ ቀዘቀዘ። ጀልባዎቹ ከሌሊት ሥራ እየተመለሱ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎችም ዳር ዳሩን ቆመው እየጠበቁ ነበር።

አምና በአንድ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር ዳኝቼ ነበር። ከቀረቡልን ታሪኮች አንዱ የወንጀል ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የሐዋሳ ዓሣ ገበያ ቆሮሶ የምትሸጥ ሴት፣ ዓሣ የሚያመጣላት አስጋሪ ድንገት ይጠፋባታል። ሰውየው ግራኝ ነው። መረቡን ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ከቋጠሮው ትለየዋለች፤ ከዚያ ፍለጋ ትገባለች። በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ከዚያም ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠሁት። «ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ጥልቀት ይጎድለዋል» ብዬ ጻፍኩበት።

አብረውኝ የዳኙት ጋሼ ወረቀቱን አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ እንቅልፍ ነስቶህ አድሮ የለም እንዴ? ምኑ ነው የጎደለው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሳቸውም አልጨመሩም።

ሽፋናቸው የተገነጠለ የይልማ ሀብተየስ የወንጀል ልብ ወለድ መጻሕፍት እየተከራየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ቀድሜ ለማወቅ እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር እመረምር ነበር። በጥንቃቄ ማንበብን የተማርኩት እዚያ ነው። ቪዲዮ ቤትም እንዲሁ። አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ የተቀመጠ ተመልካች የታሪኩ ስፌት የላላበትን ቦታ ወዲያው ያውቃል፤ ያጉረመርማል፣ ይነሳል። ከዚያ የከበደ ዳኛ እስካሁን አላየሁም።

«ኦሮማይ»ንስ ምን ልንለው ነው? በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ደርግ ኤርትራ ውስጥ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲጽፍ ስለላን፣ ፍቅርንና ክህደትን አንድ ላይ ገመደ። ገጽ የሚያስገልጠን ስለላው ነው፤ በዚያው ገጽ ግን የሥርዓቱ ገመና ተዘርግቶ እናገኘዋለን። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲው በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያ ታሪክ ልብ ባያንጠለጥል ኖሮ ሰው በድብቅ እየተቀባበለ ባላነበበውም ነበር።

ሽልማትን አልጠላም። የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ሲሸለም፣ በማግስቱም ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ሲወስድ ልቤ ሞልቷል፤ ይገባዋል። ግን ደራሲዋ ኡርሱላ ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ2014 በአገሯ በአሜሪካ የክብር ሜዳልያ ስትቀበል፣ ለረጅም ጊዜ ከሥነ ጽሑፍ ደጅ ውጭ ከቆዩት የምናባዊና የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች ጋር እንደምትካፈለው ተናግራ ነበር። ያን ንግግር ሰምቼ አጨብጭቤያለሁ። ያው እኔ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ያን ደጅ በአንድ ወጣት ላይ ዘጋሁበት። ወጣት ይሁን አዛውንት እንኳ አላውቅም፤ ጽሑፎቹ የቀረቡልን በቁጥር ነበር።

አሸናፊው ታሪክ ቋንቋው ያማረ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ትዕይንት እንኳ አላስታውስም። ያቺን ዓሣ ሻጭ ግን እጇ ላይ የተጣበቀው ቅርፊት ሳይቀር ይታየኛል።

ሂሳቤን ከፍዬ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። አንድ አስጋሪ መሬት ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግናል። አጠገቡ ቆሜ በየትኛው እጁ እንደሚቋጥር አየሁ። በቀኙ ነው። ወደሚቀጥለው አለፍኩ።