የጅንባር ዳገት

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ በአስጎብኚነት ሥራ ሦስተኛ ዓመቴን በያዝሁበት ጊዜ፣ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ቤተሰብ ይዤ ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንድሄድ ተመደብሁ። አባትየው ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሜሪላንድ የኖሩ ጎንደሬ ነበሩ፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ግን አገሩን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ልጆቹ ከሁሉ አስበልጠው ማየት የፈለጉት የጅንባርን ፏፏቴ ነው። ወሩም ለዚህ የተመቸ ነበር፤ ክረምቱ ገና በመውጣቱ ወንዙ ሙሉ ነው፣ ውኃውም ወደ አምስት መቶ ሜትር ገደማ በሚጠልቀው ገደል ሲወረወር በግልጽ ይታያል። በመጋቢት የሚመጣ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ክር አይቶ ነው የሚመለሰው።

ድርጅታችን ያወጣው መርሐ ግብር ከጎንደር በማለዳ ተነሥተን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ደባርቅ ላይ የመግቢያ ክፍያ ከፍለንና ስካውት፣ ማለትም የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ፣ ይዘን፣ ከሰዓት በኋላ ፏፏቴውን እንድናይ ያዛል። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነበር። ነገር ግን ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ፓርኩ ውስጥ የምናድርበት የሳንቃበር ካምፕ 3,250 ሜትር ላይ ነው፤ እንግዶቹ ደግሞ ከአውሮፕላን ከወረዱ ሁለት ቀን አልሞላቸውም ነበር።

ሳንቃበር ስንደርስ አባትየው ራሳቸውን እንዳመማቸው ነገሩኝ፤ ወዲያውም «ጠዋት ቡና ስላልጠጣሁ ነው» አሉ። ይህን ምክንያት የማይቀበል ኢትዮጵያዊ ከየት ይገኛል? ቡና ተፈላ፤ ሁለት ስኒ ጠጡ፤ ራስ ምታቱ ግን አለቀቃቸውም። በልጆቻቸው ፊት «ጋሼ፣ እንሂድ ወይስ ይረፉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ደህና ነኝ፣ እንሂድ» አሉኝ። በዕድሜ የገፉት ስካውታችን ወደ ጎን ጠርተው «አንተ ልጅ፣ እኒህ ሰውዬ እኮ ምሳቸውን አልቀመሱትም» ሲሉኝ፣ መንገድ ያደከመው ሰው መቼ ይበላል ብዬ አለፍሁት።

ከመኪናው መንገድ እስከ ፏፏቴው መመልከቻ ያለው ጉዞ በአስታ ዛፎች መካከል የሚወርድ ስለሆነ ማንንም አያደክምም። ተራራ የሚወጣ ሰው ድካሙን በመጀመሪያ ያየዋል፤ አቅም ሲያጣም ፊቱን አዙሮ ይወርዳል። ወደ ፏፏቴ የሚሄድ ግን ቀድሞ ስለሚወርድ፣ ዳገቱ የሚጠብቀው ጉልበቱ ካለቀ በኋላ ነው። የከፍታ ሕመም፣ ማለትም ሰውነቱ ሳይለምደው ፈጥኖ ከፍ ወዳለ ቦታ የወጣን ሰው ራሱን የሚያሳምመውና ምግብ የሚያስጠላው ሕመም፣ ለያዘው ሰው ዋናው መድኃኒት ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ሲሆን፣ እኛ ከነበርንበት ስፍራ ወደ ደባርቅ ለመውረድ መጀመሪያ ወደ መኪናው መውጣት ነበረብን። ይህን አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር፤ የገባኝ ግን እዚያው ገደል አፍ ላይ ቆሜ ነው።

ውኃውን ለጥቂት ደቂቃዎች አየን፤ ከዚያ ጉሙ ከታች ተነሥቶ ሸፈነው፤ የቀረልን ድምፁ ብቻ ነበር። ለመመለስ እንደ ተነሣን አባትየው በየአሥር እርምጃው መቆም ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይቶም አስመለሳቸው። አጭር መንገድ ነው ብዬ በቅሎ አልተከራየሁም። ስካውቱ ጠመንጃቸውን በአንድ ትከሻ፣ ሰውየውን በሌላው ደግፈው፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የወረድነውን መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል ወጣነው። ትንሿ ልጅ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የአባቷን ጃኬት ይዛ ከኋላ ትከተል ነበር። ድንኳኑን ተክሎ ይጠብቀን የነበረውን ባልደረባችንን እንዲነቅል ነግረን፣ ሳናድር ደባርቅ ወረድን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አባትየው ሾርባ ጠየቁ።

ለድርጅቱ ባቀረብሁት ዘገባ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ጻፍሁ፤ መርሐ ግብሩም ተሻሽሎ እንግዶች የመጀመሪያውን ሌሊት 2,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ደባርቅ እንዲያድሩ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ተጨማሪ ሌሊት ዋጋውን ያስወድዳል ብሎ ለብዙ ሳምንታት ተከራከረኝ፤ በመጨረሻም ከቆላ አገር በቀጥታ ለሚመጡ እንግዶች ብቻ ፈቀደ። እኔ በበኩሌ በሽተኛ የሚመስለኝን ሰው ከቤተሰቡ ለይቼ እጠይቃለሁ፣ የምጠይቀውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ በቅሎም ሳልይዝ ወደ ጅንባር አልወርድም። ከእኒያ ስካውት ጋር በተመደብሁ ቁጥር ደግሞ ምሳ እንደ ተነሣ ሁለታችንም ዓይናችንን የምንጥለው ሳህኖቹ ላይ ነው።