የኦዌሲስ ጊታር ለምን አያረጅም?

ዛሬ የኦዌሲስን የ1994 እና የ1995 አልበሞች ስሰማ ዋልኩ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። የማንችስተሩ ባንድ በ2009 ቢበተንም፣ ጁላይ 2025 ካርዲፍ ላይ ሲመለስ ወጣቱም ግጥሙን በቃሉ ይዘምር ነበር።

ለእኔ ትልቁ ምክንያት ሙዚቃቸው ለጀማሪ እጅ ክፍት መሆኑ ነው። «ወንደርዎል» የተሰኘውን ዘፈናቸውን ውሰዱ። ካፖው (ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚጫነው መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶች የተለየ ክፍል) ላይ ይታሰራል። ከካፖው ስትቆጥሩ ሦስተኛው ፍሬት ላይ የቀለበት ጣት ሁለተኛውን ክር፣ ትንሿ ጣት ቀጭኑን አንደኛ ክር ይይዛሉ፤ ከዚያ አይነሱም። ሌባ ጣትና የመሀል ጣት ብቻ እየተንቀሳቀሱ ኢ ማይነር 7፣ ጂ፣ ዲ ሰስ 4 እና ኤ 7 ሰስ 4 የሚባሉት ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይወጣሉ። ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ከኮርድ ኮርድ ሳይቋረጡ ስለሚያልፉ ነው ድምፁ እንደዚያ የሚያምረው! ጣት እያነሱ እንደ አዲስ የሚይዙ ሰዎች ይህን ውበት ያጡታል።

ካፖው ከፍሬቱ ብረት ከራቀ ክሩ ይንጫጫል፤ በጣም ከጠበቀ ድምፁ ከልኩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ወደ ብረቱ አስጠጉት፣ ካሰራችሁ በኋላም እንደገና ቃኙ። የቀኝ እጅ ምት አይቁም፤ ክር ባይነካም ይውረድ፣ ይውጣ።

ኤሌክትሪክ ለሚሞክሩ፦ የባንዱ ጊታሪስት ኖኤል ጋላገር የሚታወቅባቸው ኤፒፎን ሪቪዬራና ሸራተን ጊታሮች መሀላቸው ድፍን፣ ጎናቸው ባዶ ነው። አምፕሊፋየሩ ሲጮህ ባዶው አካል ይንቀጠቀጥና ፊድባክ (ራሱን እየመገበ የሚቀጥል ጩኸት) ይነሳል። ጌይኑን (አምፑ የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን) ትንሽ ቀንሱ፣ ከአምፑም ራቁ፤ ሳትጫወቱ ደግሞ ክሮቹን በመዳፍ አፍኑ።