ያንን ፖርት ባልከፈትኩት ኖሮ

ቤት ያለው ላፕቶፔ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በኡቡንቱ ነው። የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ የተጫነበት የቢሮው ኮምፒውተር ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ሒሳብ በምንዘጋበት ሰሞን ቢሮ ማምሸት ሰለቸኝና ከቤቴ ሆኜ ልሥራ አልኩ።

መጀመሪያው ቀላል ነበር። ዊንዶውሱ ፕሮ ስለሆነ ሪሞት ዴስክቶፑን አበራሁት። ሆም የሚባለው ዓይነት ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ ከሌላ ኮምፒውተር መግባት አይፈቅድም ነበር። ኡቡንቱ ላይ ወደ እሱ የሚያስገባውን ፕሮግራም፣ ሬሚናን ጫንኩ። በቢሮው ዋይፋይ ሞከርኩት፤ ሠራ።

ጣጣው የመጣው ከቤት ልግባ ስል ነው። አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ጠየቅኩ። «ራውተሩ ላይ ፖርት 3389ን ክፈት፣ አለቀ» አለኝ። ከፈትኩ። ፖርት ማለት ከኢንተርኔት ወደ ኮምፒውተሩ የሚያስገባ ቁጥር ያለው በር ነው፤ 3389 የሪሞት ዴስክቶፑ በር ነው። በኋላ ስጋት ሲገባኝ ወደ 3390 ቀየርኩት። ምንም አይጠቅምም። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቁጥሩን ብትቀይሩት አዲሱንም ያገኙታል።

በ11ኛው ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ ፒችትሪ አልከፍት አለ። ፋይሎቹ አሉ፤ ግን በስማቸው መጨረሻ የማላውቀው ፊደል ተቀጥሎበታል። ዴስክቶፑ ላይ «ገንዘብ ክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ባክአፕ የምንይዝበት ፍላሽ እዚያው እንደተሰካ ነበር። እሱም ተቆልፏል።

ዊንዶውስ ማን ለመግባት እንደሞከረ የመዘገበውን ለማየት ኢቨንት ቪውወርን ከፈትኩ። 4625፣ 4625፣ 4625። ያልተሳካ ሙከራ ማለት ነው። በየጥቂት ሰከንዱ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድ 4624። ገብተዋል።

ፓስወርዱ የድርጅቱ ስምና ሦስት ቁጥር ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ። በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚል የቢሮ ደንብ አለን፤ ሰው ደግሞ ሲሰለቸው ቁጥሯን ብቻ ይጨምራል። እኔን ብትሰሙኝ አንድ ረጅም ፓስወርድ ያዙና ተዉት።

የሁለት ወር ደረሰኝ ከካርቶን እያወጣን በእጅ መልሰን አስገባን። የካሽ ሬጅስተር ወረቀት ይደበዝዛል። ገንዘብ ያዣችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠግተው ያነቡልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። ያ ነው የከበደኝ።

ለባለሙያው ደወልኩ። «ፓስወርድህ ደካማ ሆኖ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ፖርቱን ክፈት ሲለኝ ስለ ፓስወርድ ትንፍሽ አላለም። እስካሁን ያናድደኛል።

አሁን በዋየርጋርድ ነው የምሠራው፤ ኮምፒውተሮችን በተመሰጠረ የግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም (ቪፒኤን) ነው። ትንሽ ሰርቨር ተከራየሁ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ እሱ ይገናኛሉ፤ የቢሮው ራውተር ላይ ምንም የተከፈተ ፖርት የለም። ግንኙነቱ እንዳይጠፋ የቢሮው ኮምፒውተር በየ25 ሰከንዱ ምልክት ይልካል። ሰርቨሩ ውስጥ የምገባው በኤስኤስኤች ቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ በሚያገለግል ሚስጥራዊ ፋይል) ብቻ ነው፤ በፓስወርድ መግባትን ዘግቼዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳም ባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳውን የኮምፒውተሩን መነሻ ፕሮግራም) አስተካክሉ፤ ያለዚያ ማታ ቤት ቁጭ ብላችሁ የጠፋ ኮምፒውተር ትጠራላችሁ።

ፍላሹን ማታ ማታ ገንዘብ ያዣችን ነቅለው በቦርሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። 11 ሰዓት ላይ ደውዬ «ነቀሉት?» እላቸዋለሁ።