ሐምሌ 19 ገብርኤል ከበረዶ ጉድጓድ ያወጣኝ ቀን (ስለት ስላለብኝ ነው የምጽፈው)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እህት ወንድሞች እንደምን አላችሁ። እኔ ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም ግን ስለት ነው፣ ስላወጣኸኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ጃንጥላውንማ አስገብቻለሁ፣ ምስክርነቱ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አመት አለፈው፣ እናቴ በደወለች ቁጥር "አልጻፍሽም አይደል?" ትለኛለች። ዛሬ ናይት ሺፍት የለኝም፣ ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ።

የምኖረው ሲያትል አካባቢ ነው። ከደብራችን ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሀይኪንግ እንወጣ ነበር፣ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን፣ ከዛ አንድ ጊዜ ማውንት ሬኒየር ላይ ካምፕ ሚዩር የሚባል ቦታ እንውጣ ተባለ። ከፍታው 3,105 ሜትር ነው፣ የመጨረሻው ግማሽ መንገድ ሜዳ የመሰለ በረዶ ነው ዝም ብሎ ሽቅብ። ስንወርድ ፈረንጆቹ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ሲሄዱ አየንና እኛም የቆሻሻ ፌስታል አንጥፈን ቁጭ! አይስ አክስ (የበረዶ መጥረቢያ) የለ፣ ምን የለ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ ከዛ ፍጥነቱ ከእጄ ወጣ፣ ዞሬ በጀርባዬ በጭንቅላቴ በኩል ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ፣ ከታች ጥቁር ድንጋይ አለ። "ገብርኤል ዛሬ ካወጣኸኝ ሁለተኛ ሳልማር በረዶ አልረግጥም!" ብዬ ጮህኩ። ድንጋዩ ጋ ሁለት ሶስት ክንድ ሲቀረኝ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ተቀብሬ ቆምኩ።

ጓደኞቼ እስካሁን የሚስቁብኝ በዚህ ነው። ሰው "ሁለተኛ አልሄድም" ብሎ ይሳላል እንጂ "ሳልማር አልሄድም" ብሎ የሚሳል አይተን አናውቅም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ግን አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው፣ ስለት ደግሞ በወጣበት ቃል ነው የሚከፈለው።

ስለዚህ ለመማር ብር ማጠራቀም ጀመርኩ። ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው ኮርሱ፣ ጫማና ልብሱን ሳንጨምር፣ ስምንት ወር ኦቨርታይም ሰራሁ። ስድስት ቀን በጋይድ ነው፣ ማውንት ቤከር ላይ፣ ከካናዳ ድንበር ብዙ አይርቅም። በቁመት ካየነው ራስ ዳሸን ከ1,200 ሜትር በላይ ይበልጠዋል፣ ቤከር 3,286 ሜትር ነው፣ ግን የኛው ተራራ ለምድር ወገብ ቀርቦ ነው ያለው፣ ይሄኛው በግላሲየር (በበረዶ ግግር) ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 1999 በነበረው አንድ ወቅት ብቻ እዛው አካባቢ በተራራው ስም የሚጠራው የስኪ ቦታ 1,140 ኢንች በረዶ ወርዶበት የአለም ሪከርድ ተብሎ ተመዝግቧል፣ በሜትር 29 ገደማ ነው፣ አስቡት የስምንት ዘጠኝ ፎቅ ቤት ቁመት።

ለአባቴ ስነግረው አልተቆጣም፣ እኔም ገርሞኛል። አባቴ ልጅ ሆኖ በንጉሡ ጊዜ ከአጎቱ ጋር ደብረ ዳሞ ሄዷል፣ ለአቡነ አረጋዊ ጥቅምት 14። እዛ ገዳሙ የሚወጣው በገመድ ነው፣ ገደሉ ወደ 15 ሜትር ነው፣ አንዱን የጠፍር ገመድ እየጨበጥክ ትወጣለህ፣ ሌላው ወገብህ ላይ ይታሰርና ከላይ መነኩሴ ይስብሃል። ሴት አይፈቀድም፣ ልጅ ሆኜ እኔም ውሰደኝ ብዬ ስንት ቀን እንዳለቀስኩበት ያስታውሳል። እና በስልክ ምን አለኝ፣ "የምትጨብጪው ገመድ ለመውጣት ነው፣ የወገቡ ግን እጅሽ ሲለቅ ነው የሚሰራው፣ እሱን እይው።" በቃ ይሄን ብቻ ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት፣ እሷ ደግሞ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ኮርሱ ሰኞ ጀመረ። ሁለት ቀን ሙሉ ያስተማሩን መውደቅ ነው ብል አላጋነንኩም። በሆድህ ውደቅ፣ በጀርባህ ውደቅ፣ በጭንቅላትህ ውደቅ፣ ከዛ ወደ መጥረቢያው ራስ ዞረህ ሹሉን ትከሻህ ስር አድርገህ በደረትህ ተጫነው፣ ክራምፖን (ጫማ ስር የሚታሰር ጥርስ ያለው ብረት) ካደረግክ እግርህን ከፍ አድርግ አለበለዚያ ጥርሱ ይነክስና ያገለባብጥሃል። በጭንቅላቴ ቁልቁል የሚለው ሲደርስ ሚዩር ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ፣ ጋይዱ ብርድ መስሎት ሻይ ሰጠኝ። ከዛ ገመድ ነው፣ አራት ሰው በአንድ ገመድ በመሀላችን አስር ምናምን ሜትር እየተውን፣ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ሌሎቹ ባሉበት ተደፍተው መጥረቢያቸውን ይተክላሉ። ስንጥቁን ክሬቫስ ይሉታል፣ ከላዩ በረዶ ድልድይ ሆኖ ስለሚሸፍነው ብዙ ጊዜ አይታይም። ፕሩሲክ የሚባልም አለ፣ ቀጭን ገመድ ነው ዋናው ገመድ ላይ ሶስቴ ትጠመጥመዋለህ፣ ሲላላ ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲያርፍበት ንክስ አድርጎ ይይዛል። ጋይዱ ይሄን ሲያሳየን አንገቴ ላይ ማተቤን አየና ያ ስንት ሚሊሜትር ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ ትርፍ ገመድ መስሎት! ይሄ ሌላ ገመድ ነው አልኩት።

ጫፍ የምንወጣው አርብ ሆነ። ካሌንደሩን ሳይ ሐምሌ 19 ቀን 2016፣ ገብርኤል! እኔ አልመረጥኩትም፣ ፕሮግራሙ ነው የሆነው። ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላው ውሃ ያወጣበት ቀን ነው፣ እኔን ደግሞ በተቃራኒው ከበረዶ ሊያወጣኝ ኖሯል፣ ግን ያኔ አላወቅኩም።

አሁን ዋናው ነገር፣ እዚህ ላይ በደንብ አንብቡልኝ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኛ አቆጣጠር ካምፑ ላይ ሀርነሳችንን (ወገብና ጭን ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ) አድርገን ገመዱ ላይ ተያያዝን፣ ጋይዱ እያንዳንዳችንን በእጁ እየነካ ቼክ አደረገን፣ ሁሉ ልክ ነበር። ከዛ እኔ ጓንቴን ድንኳን ውስጥ ረስቼዋለሁ። ካራቢነሬን (ገመዱን ከሀርነሱ የሚያያይዘውን ብረት) ፈትቼ ሮጬ አምጥቼ ጨለማ ውስጥ በዛ ወፍራም ጓንት መልሼ ራሴ አያያዝኩ፣ ላዩ ላይ ጃኬቴን ደረብኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። የማንም ጥፋት አይደለም የኔ ነው። ሄድን። ሶስት ሰዓት ሙሉ ያን ሁሉ ስንጥቅ በጭንቅላቴ መብራት እየተሻገርኩ ሄድኩ።

10 ሰዓት ሊሆን ሲል አረፍን። ሌሎቹ ቸኮሌትና የደረቀ ስጋ ያወጣሉ፣ እኔ አርብ ነው ዳቦ ቆሎ ይዣለሁ። ከመብላቴ በፊት አቡነ ዘበሰማያት ልበል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጃኬቱ ወደ ላይ ተሰብስቦ ነበር፣ ግንባሬ ላይ ያለው መብራት ቀጥ ብሎ ወገቤ ላይ አረፈ። ካራቢነሬ መሀል ያለው ወፍራሙ ቀለበት ላይ የለም። በጎን በኩል ያለችው፣ ዕቃ ማንጠልጠያዋ፣ ያቺ ለሰው ያልተሰራችው ቀጭን ነገር ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሰኞ እለት ጋይዱ ይቺን በጣቱ ይዞ "ይቺ የውሃ ኮዳ ትይዛለች፣ አንቺን አትይዝም" ብሎናል። ሶስት ሰዓት ሙሉ ገመድ ውስጥ ነኝ ብዬ ያለ ገመድ ነው የሄድኩት ማለት ነው።

"ኢታብአነ እግዚኦ ውስተ መንሱት" የሚለው ጋ አልደረስኩም፣ ቆመብኝ። ጋይዱን ጠራሁት፣ አየ፣ ምንም አላለም፣ ፊቱ ግን በዛ ብርድ ላቡ መጣ። በእጁ ፈቶ ዋናው ላይ አድርጎ ሶስቴ ጎተተው፣ ከዛ ሁሉንም ሰው እንደገና ቼክ አደረገ። ዳቦ ቆሎ ሰጠሁት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ በላ።

ጫፉን ብዙ አላወራም፣ ቆንጆ ነው። ከጉድጓዱ የእሳተ ገሞራ ጭስ ይወጣል፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው፣ ዳሎል የሄደ ያውቀዋል። ከዛ ሮማን ዎል የሚሉት ዳገት አለ እሱ ገደለኝ። ላይ ስንደርስ በምዕራብ ባህሩና ደሴቶቹ ይታያሉ፣ በሰሜን ካናዳ። ፎቶ ተነሳን ወረድን።

ስንወርድ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐዩ በረዶውን አላልቶታል። ከፊቴ ከቴክሳስ የመጣ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ከኋላዬ የ19 አመት ልጅ፣ መጨረሻ ጋይዱ። ሰውዬው የሚያህል ሰውዬ ተሻገረ፣ ምንም አልሆነም። እኔ ስረግጠው መሬቱ ከእግሬ ስር ሄደ። ጩኸት እንኳን አላወጣሁም፣ ሆዴ ወደ ላይ መጣ፣ ከዛ ወገቤ ላይ ግጭ አድርጎ ያዘኝ።

ዝም አለ። ሰማያዊ ነው ውስጡ፣ እንደ ቤተክርስቲያን መስኮት፣ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከእግሬ ስር ሰማያዊው እየጠቆረ ይሄድና ከዛ ምንም የለም። ሁለት ሰው ቁመት ያህል ነው የወረድኩት። ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ጃኬቴን ገልጬ ወገቤን ማየት ነው። ወፍራሙ ቀለበት ላይ ነው። "ገብርኤል" ብቻ አልኩ፣ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም፣ ዳዊት የደገምኩበት አመት ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። እጄ ግን ሰኞ የተማረውን እየሰራ ነበር፣ ፕሩሲኩን አስተካከልኩ፣ እግሬን ማሰሪያው ላይ አደረግኩ፣ ቆምኩበት። ላይ ያ ልጅ ደረቱን መጥረቢያው ላይ ደፍቶ እኔን ይዞ ነበር፣ ከሶስት ቀን በፊት በጀርባው መውደቅ አቅቶት የሳቅንበት ልጅ ነው! ጋይዱ በረዶ ውስጥ ፒኬት (የብረት ካስማ) ቀብሮ ገመዱን በሶስት አጥፎ ዚ-ፑሊ የሚሉትን ሰርቶ ሳቡኝ። 25 ደቂቃ ነው አሉ፣ እኔ ሰዓት አላየሁም። ስወጣ በፊቴ በረዶው ላይ ተደፋሁና ያኔ ነው ዳዊቱ የመጣልኝ፣ 39ኛው፣ "ከጥፋት ጉድጓድ ከረግረግ ጭቃም አወጣኝ"።

አንድ አብራኝ የምትሰራ ልጅ ያዳነሽ ሄድላምፑ ነው ትለኛለች። እሺ ሄድላምፑ ነው፣ ግን ሄድላምፑን ማን ወደ ታች አስደፋው? ሳልጸልይ ብበላ ቀና ብዬ ነበር የምበላው። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

የንስሐ አባቴ ግን ሌላ ናቸው። ጨርሼ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆይተው "ልጄ፣ ጌታ አምላክህን አትፈታተነው ተብሎ ተጽፏል እኮ" አሉኝ። አባ ተምሬ ነው የሄድኩት አልኳቸው። "እሱን አይደለም፣ ያያያዝሽውን ለሰው ሳታሳዪ የሄድሽውን ነው" አሉ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። አርባ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰግጄ ጨርሻለሁ፣ አሁን የትም ስሄድ ማንንም ቢሆን "ወገቤን እየኝ" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ሀበሾቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ጃንጥላውን በታህሳስ ገብርኤል ነው ያስገባሁት። ያን እለት ግን ከካምፑ ወርደን ኔትወርክ እንዳገኘሁ ቤት ደወልኩ፣ ሌሊት ነው እነሱ ጋ፣ አባቴ አነሳው። ሁሉንም ነገርኩት፣ ወገቤን እንዴት እንዳየሁ፣ እንዴት እንደሳቡኝ። እሱ ከጠቅላላው ወሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀኝ።

"ገመዱ ከምን ነው?"

"ናይለን ነው አባ።"

"የኛው ጠፍር ነበር" አለ፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ፣ "የሳበሽን ሰውዬ ፊቱን አየሽው?"

"አዎ፣ ስወጣ።"

"እኔ አላየሁትም። ቀና ስል ሄዷል" አለኝ።