የማሲው ፓራፋንጎ ለምን ተላጠ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ታድሶ የተቀባ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 135 ትራክተር፣ ባለቤቱ በተረከበው በአምስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። በግራው ፓራፋንጎ (የጎማው መከለያ)፣ የሹፌሩ ጫማ በሚያርፍበት ጠርዝ፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። የሞተሩ ብሎክ ላይ ደግሞ ምስር የሚያካክሉ ክብ ጉድጓዶች ነበሩ። ቀለም ቀቢው ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም፦ «አብሽሩ ጋሼ፣ ቀዩ ቀለም ነው ጉድ የሠራን። ሌላ ገዝተን እንደርብበታለን።»

ተደርቦ ቢሆን ኖሮ አዲሱም ከአሮጌው ጋር ተያይዞ ይወርድ ነበር። ላሜራ ሠሪው አንዱን ቅርፊት በጥፍሩ አንሥቶ ገለበጠው። ፊቱ ቀይ፣ ጀርባው ግራጫ። ቀዩ ከግራጫው ጋር ተጣብቆ በምላጭም አልለይ አለ። ብረቱ ላይ የቀረው ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ስስ ሽፋን ግን ቲነር በነካ ጨርቅ ሲታሽ እንደ ማስቲካ ተጎተተ። ስለዚህ ቀዩ ነፃ ነው፤ ጥሉ ያለው ከሥሩ ባሉት ሁለት ፕራይመሮች፣ ማለትም ከላዩ ቀለም በፊት በሚነፉት የመሠረት ቀለሞች፣ መካከል ነው።

ቀቢው ባዶ ብረት ላይ መጀመሪያ አሲድ ፕራይመር፣ በላዩ ደግሞ ኢፖክሲ ፕራይመር ነፍቶ ነበር። ሁለቱም ለየብቻቸው ጥሩ ናቸው። አሲዱ ብረቱን በመጠኑ በልቶ ይይዛል፤ ኢፖክሲው እርጥበት አያሳልፍም። ሲደራረቡ ግን ከታች የቀረው አሲድ የኢፖክሲውን ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያበላሸዋል። ሃርድነሩ አልካላይን ስለሆነ መገናኛቸው ላይ አሲዱ ያመክነዋል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጫማ ሲነካው፣ ፀሐይ ሲያሞቀው ይለቃል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው፤ ለአሮጌ ትራክተር ላሜራ ኢፖክሲው ይሻላል፤ ስቱኮም በላዩ በደንብ ይይዛል። አሲድ ፕራይመር ላይ ግን ስቱኮ አይለጠፍም።

የብሎኩ ጉድጓዶች ሌላ ታሪክ አላቸው። ሞተሩና ካምቢዮው እንደ ልማዱ በናፍጣ ታጥበው፣ በኮምፕረሰር አየር ተነፍተው፣ «ደርቋል» ተብሎ ተቀቡ። ናፍጣ ግራሶን ያነሣል እንጂ ራሱ አይነሣም። በተለይ እንደ ብሎኩ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ገጹ ሻካራ ስለሆነ ቀጭን የዘይት ሽፋን ይይዛል፤ ቀለም ሲያርፍበት ይሸሻል፣ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ውሃ ይረጭበታል። ውሃው እንደ ጤዛ ከተንከባለለ ዘይት አለ፤ ወጥ ሆኖ ከተዘረጋ ንጹሕ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የተጀመረው ከዚህ ነው። ብሎኩ ከናፍጣው በኋላ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ሁለት ጊዜ ተፈተገ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ዋለ። የሚያንጠባጥቡ ጋስኬቶች ቀድመው ተቀየሩ፤ ያለዚያ ዘይቱ ከቀለሙ ሥር መንገዱን ያገኛል። ላሜራው እስከ ብረቱ ተላጠ፣ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ። እንዲህ ባለ አሮጌ ትራክተር ላይ የሚገኝ የመጀመሪያ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል አሮጌው ቀለም በውሃ እየራሰ ተፋቀ እንጂ በደረቁ አልተቦነነም። ከዚያ ዘይት አጥፊ በነካ ጨርቅ ተጠረገ፣ ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ ተወለወለ። አንድ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ቅባቱን ከዚህ ወደዚያ ማዞር ነው።

ኢፖክሲው ሁለት ዙር ተነፋ፤ ስቱኮ፣ 180፣ ከዚያ 400 ቁጥር ተከተለ። ለላሜራው 2 ሊትር ያህል ኢፖክሲ በቂ ሆነ፤ ቀዩ 3 ሊትር ጨረሰ፣ ለሞተሩና ለካምቢዮው የሚሆነው ግራጫም ያንኑ ያህል። ቸርኬው ብርማ ነው። የመጀመሪያውን ቀይ ለማግኘት ኮፋኖውን ከውጭ ማየት አይረዳም፤ ፀሐይ አደብዝዞታል። የመብራቱ መያዣ ሲፈታ ከሥሩ የተገኘው፣ በጥቂቱ የተወለወለው ክብ ቦታ ነው ለማመሳከሪያ የዋለው።

የላዩ ቀለም ሃርድነር የማያስፈልገው ሲንቴቲክ ሆነ። ባለሃርድነሩ ይበልጥ ያብረቀርቃል፤ ሆኖም አብዛኛው አይሶሳያኔት የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው ንጹሕ አየር የሚያደርስ ጭንብል ይፈልጋል፣ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም። የሲንቴቲኩ ጠባይ ደግሞ ትዕግሥት ማጣትን አይወድም። ሁለተኛው ዙር በጣሳው ላይ በተጻፈው ሰዓት ውስጥ ካልተነፋ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቀናት መጠበቅ ነው። በመካከሉ የተቻኮለ ሰው ቀለሙ እንደ ወተት ስልባቦት ሲጨማደድ ያያል።

ኮፋኖው በባለቤቱ ጥያቄ ደሴ ተወስዶ፣ እሳቸው ግቢ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተቀብቶ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ የምሽቱ ጭጋግ ወረደ፤ ጠዋት ላይ አንጸባራቂው ሁሉ ደንግዞ አደረ። ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ብረትም ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ኮፋኖው ኮምቦልቻ ተመልሶ በ600 ቁጥር ተፍቆ፣ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ፣ ብረቱ ሲነካ ለብ ካለ በኋላ እንደገና ተነፋ።

ራዲያተሩ በስስ ጥቁር ብቻ ታለፈ፤ ወፍራም ቀለም ሙቀት ያፍናል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሙቀት የሚችል ቀለም አገኘ፤ ሞተሩ በየተራ ለአጭር ጊዜ እየተነሣ እየቀዘቀዘ እንዲጠነክር ተደረገ። የፋብሪካው የቁጥር ሰሌዳ በፕላስተር ተሸፍኖ ነበርና አልተነካም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓራፋንጎው ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው ቦታ፣ በምላጭ ቆስሎ ፕላስተር ተለጠፈበት፤ ሲነጠቅ ንጹሕ ወጣ። የተረፈው ቀይ፣ ሩብ ሊትር የማይሞላ፣ በትንሽ ጠርሙስ ተደርጎ ቀን ተጻፈበትና ለባለቤቱ ተሰጠ። የሹፌሩ ጫማ እዚያው ጠርዝ ላይ ማረፉ አይቀርም።