20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ሆነው «ቆመሃል» አሉኝ

ሰው ሲሰድበኝ መልስ አላጣም፣ ሳተላይት ሲሰድበኝ ግን ወዴት ዞሬ እንደምሳደብ ግራ ገባኝ። ልተኛ ስል ትዝ ይለኛል፣ ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ ይለኛል፣ ስብሰባ ላይ ሰው ቁም ነገር እያወራ እኔ ዳገቷ ላይ ነኝ፣ በቃ «ጢጥ» የምትል ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ቤት ሰርታ ተቀምጣለች።

እኔ ሳይክል መንዳት እወዳለሁ፣ መጥፋት ግን አልወድም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አነዳዴ ካስማ ላይ እንደታሰረች ፍየል ነበር፣ ቤቴን መሃል አድርጌ መዞር፣ ገመዱ እስኪወጠር ሄዶ መመለስ። የኔ ሂሳብ ቀላል ነው፣ ጎማ ቢተነፍስ እየገፋሁ ልመለስበት ከምችለው ርቀት ፍንክች አልልም። ጓደኞቼ ስለ 80 እና 100 ኪሎ ሜትር ሲያወሩ ጉልበቴን እያሻሸሁ ፊቴን ኮሶ አስመስላለሁ፣ ጉልበቴ ግን ምንም አልሆነም፣ ጤነኛ ጉልበት ነው።

«ጂፒኤስ ግዛና ተገላገል» አሉኝ፣ ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ የት እንዳላችሁ የሚያሳይ፣ የሳይክል መሪ ላይ የሚታሰር ዕቃ ማለታቸው ነው። እሺ።

እዚህ ጋ «ስልክህ አይበቃም እንዴ?» የምትሉ ሰዎች ትመጣላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ሞክሬዋለሁ። ስልክ መሪው ላይ አስራችሁ ስክሪኑን እንደበራ ስትሄዱ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ያልቃል፣ ሲያልቅ ደሞ ካርታውም፣ «ኑና ውሰዱኝ» ብላችሁ የምትደውሉበትም አንድ ላይ ነው የሚሞቱት። ፀሐይ ሲበረታ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የራሳችሁ ፊት ብቻ ነው፣ እሱም በላብ። ዝናብ ጠብ ጠብ ካለ ደሞ ጉድ ፈላ፣ ጠብታው እንደ ጣት ይቆጠራል፣ ካርታው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ አንድ አፕ ተዘግቶ ሌላ ይከፈታል፣ የኔማ እንደውም ለአለቃዬ ደውሎለታል። በእረፍት ቀን። አለቃዬ አንስቶ የሰማው ንፋስና የኔን ቁና ቁና መተንፈስ ነው፣ እስካሁን ስለዚህ ጉዳይ አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም።

ምርጫው ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ጋርሚን ኤጅ አለ፣ ዋሁ ኤለመንት አለ፣ ሃመርሄድ ካሩ አለ፣ ብራይተን አለ፣ እያንዳንዳቸው ደሞ ከአንድ እስከ ስንት የሚቆጠሩ ልጆች አሏቸው። ርካሾቹ ባዶ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ስለው «ይሄን ተከተል» ነው የሚሉት፣ ከመስመሩ ከወጣችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ከፍ ያሉት ሙሉ ካርታ አላቸው፣ መታጠፊያ ስታልፉ አዲስ መንገድ ያወጡላችኋል፣ እኔ ዋናው በሽታዬ መጥፋት ስለሆነ ያለ ካርታ አልነካም ብዬ ወሰንኩ። ቀጥሎ በተን ወይስ ተች ስክሪን። ተች ስክሪን ሱቅ ውስጥ ያምራል፣ ጓንት አድርጋችሁ በላብ ጣት ስትነኩት ግን ታውቁታላችሁ፣ ለዛ በተን ያለውን መረጥኩ። ስክሪኑ ደሞ የፀሐይን ብርሃን መልሶ የሚጠቀም ዓይነት ነው፣ ፀሐይ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፣ ይሄን ያሰበውን ሰው እጁን ይባርከው። ባትሪው እስከ 20 ሰዓት ይሄዳል ይላል፣ እኔ 20 ሰዓት የት እንደምሄድ ባላውቅም ደስ አለኝ።

ግን እነዚህ ቪዲዮ የሚሰሩ ሰዎች ነገር! ዕቃውን ይገመግማል ብላችሁ ትከፍታላችሁ፣ ግማሹን ጊዜ ሳጥን ሲከፍት ነው የምታዩት። ካርቶኑ እንዴት እንደሚሸት ነገሩን፣ ገመዱን ጠቅልሎ ፈቶ አሳየን፣ መንገድ ላይ ሲነዳበት ግን የለም። አንዱም፣ አንዱም ይሄን የማወራችሁን ነገር አልነገረኝም። ቂም ይዣለሁ።

ለማንኛውም ገዛሁ። እውነት ለመናገር ልብ ይሰጣል። መታጠፊያ ሲደርስ ቀስት ያወጣል፣ ከመስመር ስወጣ ይጮሃል፣ ሲመረኝ «ወደ መነሻ መልሰኝ» የሚል ቦታ አለው፣ በየ20 ደቂቃው ደሞ «ብላ፣ ጠጣ» ይለኛል፣ እናቴም እንደዚህ ተከታትላኝ አታውቅም። ከሁሉም የወደድኩለት የዳገቱን ገፅ ነው። መንገዱን ቀድማችሁ ከጫናችሁለት ዳገት ስትጀምሩ ምን ያህል እንደቀረ፣ ስንት በመቶ እንደሚያጋድል በቀለም ያሳያል፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ከዛ የደረቀ ደም የሚመስል ቀይ። ድሮ ዳገት ላይ «ኧረ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው» ብዬ ሰማይ ሰማይ የማየው ሰውዬ አሁን «640 ሜትር ይቀርሃል፣ 9 በመቶ» የሚል መልስ ወዲያው አገኛለሁ። እና ቀስ በቀስ ገመዱ ረዘመ፣ ትንሽ ራቅ፣ ደሞ ትንሽ ራቅ፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ ኪሴ ውስጥ፣ ደረቴ ተነፋ።

ከዛ ያቺ ዳገት መጣች።

ረጅም ናት፣ በአንድ በኩል ገደል ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ከላይ የሚገጥም ዛፍ። ማርሼ የመጨረሻው ላይ ነው፣ ከዛ በታች የለም፣ ሁለቴ ተጭኜ አረጋግጫለሁ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ መሪው ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ልቤ በጆሮዬ ነው የምትመታው፣ ግን ፔዳሉ እየዞረ ነው፣ ልብ በሉልኝ፣ እየዞረ ነው፣ ዓይኔ የፊት ጎማውን ነው የሚያየው፣ ጎማው ጠጠር በጠጠር ወደፊት እየሄደ ነው።

ጢጥ። «ጉዞው ቆሟል።»

ምን? ማን ቆመ? አንዴ በደንብ ረገጥኩት፣ ጢጥ፣ «ጉዞው ቀጥሏል።» ተነፈስኩ። ጢጥ፣ «ጉዞው ቆሟል።» ዳገቷን በሙሉ እንደዚህ ነው የወጣሁት፣ ጢጥ ቆመሃል፣ ጢጥ ሄደሃል፣ ጢጥ ቆመሃል፣ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጅ አውጣ እጅ አውርድ እንደሚባል ሰው። ለካ አውቶ ፖዝ የሚባል ነገር አለ፣ መብራት ላይ ስትቆሙ ሰዓቱን በራሱ የሚያቆም፣ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በርቶ ነው የሚመጣው፣ ይብራ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ይሄም ባልከፋ። ከኋላዬ ከዘራ የያዙ አባት መጡ። በእግራቸው። ቀስ ብለው አጠገቤ ደረሱ፣ ትንሽ ጎን ለጎን ሄድን፣ ከዛ ዕቃውን አየት አድርገው፣

«ምንድነው የሚጮኸው የኔ ልጅ?»

«ጂፒኤስ ነው አባባ።»

«ምን ይላል?»

ትንፋሼን ሰብስቤ፣ «ቆመሃል ነው የሚለኝ» አልኳቸው።

ጎማዬን አዩት። እኔን አዩኝ። እንደገና ጎማዬን አዩት።

«እሱስ አልዋሸም» አሉና «በርታ ልጄ» ብለውኝ አለፉኝ። ከዘራው ራሱ መሬት ብዙም አልነካም፣ ለጌጥ ነው የያዙት መሰለኝ።

አሁን ነገሩን በእርጋታ እንየው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። አሠራሩ ሲነደፍ 24 እንዲሆኑ ነው የታሰበው፣ ዛሬ ከዛም ይበልጣሉ፣ በዛ ላይ የኔ ዕቃ የሩሲያውን ግሎናስና የአውሮፓውን ጋሊሊዮም ይሰማል። የጂፒኤሶቹ እያንዳንዳቸው ምድርን በቀን ሁለቴ ይዞራሉ፣ የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመው፣ ሰዓቱ ላይ ያ «ጊዜ በፍጥነትና በስበት ይለያያል» የሚለው የአንስታይን ነገር ገብቶ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ እንዳይዛነፍ ታርሞ፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎ የት እንዳለሁ ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ይፈልጋል። አራት ምስክር ማለት ነው። ከሰማይ። ሰው ቤት አቃጥሎ እንኳን ይሄን ያህል ምስክር አይመጣበትም። እና እነዚህ አራት ምስክሮች ተሰብስበው፣ ቃላቸው ተመዝግቦ፣ ተመሳክሮ፣ ውሳኔው «ሰውየው አልተንቀሳቀሰም» ሆነ! ይግባኝ የት ነው የሚባለው? ጭራሽ እኮ እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2000 ድረስ አሜሪካኖች ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ፣ ከዛ ክሊንተን «በቃ አቁሙት» ብሎ አስቆመው። ለአንዷ ሳተላይት ግን መመሪያው አልደረሳትም፣ ስጠረጥር እሷ ናት የኔ ዳገት ላይ የተመደበችው።

ቆይቼ የገባኝ ነገር፣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ስትወጡ በሰከንድ አንድ ሜትር ምናምን ነው የምትሄዱት። ክፍት ሰማይ ስር እንኳን የዕቃው ስህተት ጥቂት ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ዛፍ ሲሸፍነው፣ ምልክቱ ገደሉ ላይ ነጥሮ ዞሮ ሲመጣ ደሞ ይባስ ይደናገራል፣ ስለዚህ የኔን ሜትር ከራሱ ስህተት መለየት ያቅተዋል። መፍትሄው የጎማው መሃል ላይ የምትታሰር ትንሽ የፍጥነት ሴንሰር ናት። ሰማይ ምናምን አትጠይቅም፣ ጎማው ስንቴ እንደዞረ ትቆጥራለች፣ 700 በ25 የሚባለው መጠን ያለው ጎማ አንዴ ሲዞር 2,105 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ አለቀ። እንዲህ ነው ምስክር፣ ቦታው ላይ የነበረ። ወይ ደሞ አውቶ ፖዙን ሜኑ ውስጥ፣ የሜኑው ሜኑ ውስጥ፣ ከዛ «የጉዞ ፕሮፋይል» የሚል ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት፣ ወይ ከስንት ፍጥነት በታች እንደሚያቆም ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ። እኔ ሴንሰሯንም ገዛሁ፣ አውቶ ፖዙንም አጠፋሁ። ከአሁን በኋላ ከነሱ ጋር ቀልድ የለም።

ይሄ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ የዛን ቀን ማታ፣ ጉዞውን ሳይክል ነጂዎች የየራሳቸውን ጉዞ የሚያሳዩበት አፕ ላይ ጭኜ ነበር። ሲቆም ርቀቱንም ሰዓቱንም ስለማይቆጥር ያቺ ደሜን የመጠጠችኝ ዳገት ተቦጫጭቃ ነው የወጣችው፣ ካርታው ላይ አንዳንዱ ቦታ በሰማይ በርሬ የተሻገርኩ ይመስል ቀጥ ያለ መስመር ነው። ይሁን፣ ርቀቱ በሕይወቴ ትልቁ ነው፣ ደስ ብሎኝ ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ፣ ያው ጂፒኤስ ግዛ ያለኝ ራሱ፣ የመጀመሪያውን ኮሜንት ጻፈ። «አሪፍ ነው ወንድሜ፣ ዳገቷ ላይ ግን እረፍት አበዛህ።»

እረፍት።

አንጀቴ አርሮ የሱን ገፅ ከፈትኩ። ይሄ ልጅ በየሄደበት «አማካይ ፍጥነቴ 28 ነው» እያለ ነው የሚያወራው፣ እኔም አምኜ ስሸማቀቅ ኖሬያለሁ። አሁን ቁጥሩን ማንበብ ተምሬያለሁ። 61 ኪሎ ሜትር፣ የተንቀሳቀሰበት ጊዜ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ትክክል፣ 28 ይመጣል። ከዛ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ በደብዛዛ ፊደል፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ጠቅላላ 4 ሰዓት ከ25። በጠቅላላው አካፍሉት እስቲ፣ 14 አይሞላም! እኔን ዳገት ላይ በአደባባይ ያዋረደው አውቶ ፖዝ እሱን ዛፍ ስር አጋድሞ ሲያሞካሸው ነበር ማለት ነው። ኮሜንት ላይ «ወንድሜ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የት ነበርክ?» ብዬ ጻፍኩለት።

አይቶታል። አልመለሰም። ቅዳሜ አብረን ልንወጣ ተቀጣጥረናል፣ መንገዱን የምጭነው እኔ ነኝ፣ ያቺን ዳገት ሁለቴ አስገብቻታለሁ።